ኳስ የማይችለው ገላ፦ ግዙፍ ፍጥረታትና ጥንታዊ ትውፊት በፖኬሞን ተከታታይ ፊልም

አህጉራትን በገመድ እየጎተተ አሁን ባሉበት ስፍራ ያኖራቸው ፍጡር ቁመቱ 3.7 ሜትር ነው። ሁለቱንም የሚነግረን አንድ መዝገብ ነው። ሬጂጊጋስ የተባለው ይህ ፍጡር እ.ኤ.አ. በ2006 በጃፓን በወጡት «ዳይመንድ» እና «ፐርል» የተሰኙ የፖኬሞን ጨዋታዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታይ፣ ፖኬዴክስ የሚባለው የፍጥረታቱ መዝገብ ቁመቱንና ክብደቱን ጻፈ፤ አህጉራትን ጎትቷል የሚል ጥንታዊ ወሬ መኖሩንም አብሮ አሰፈረ። እዚያው መዝገብ ውስጥ ዌይሎርድ የተባለ ዓሣ ነባሪ መሳይ ፍጡር አለ፤ ርዝመቱ 14.5 ሜትር ነው። ምድርን የጎተተው፣ ባሕር ላይ ከሚንሳፈፈው ሩብ ያህል ብቻ ነው ማለት ነው። አንባቢ ይህን የአዘጋጆች ግድፈት ብሎ ሊያልፈው ይችላል። እኔ የዳሰሳዬ መነሻ ያደረግሁት፣ ከ1997 ጀምሮ በቴሌቪዥን የሚታየው ተከታታይ ፊልም ምርጥ ክፍሎቹን የሠራው በዚህ አለመጣጣም ላይ ቆሞ ነው ብዬ ስለማምን ነው።

አማርኛ «ትልቅ» የሚለውን ቃል ለቁመትም ለዕድሜም ይጠቀምበታል። «ትልቅ ሰው መጣ» ሲባል ልጆች ከመቀመጫቸው የሚነሡት ለእንግዳው ቁመት አይደለም። «ግዙፍ» ደግሞ በሊቃውንቱ አነጋገር የ«ረቂቅ» ተቃራኒ ነው፤ የሚዳሰስ፣ የሚጨበጥ፣ ሥጋ ያለው ማለት ነው። እነዚህን ቃላት ይዤ ወደ ጃፓኑ ሥራ የምገባው ባህልን ከባህል ለማመሳሰል ብዬ አይደለም። ተከታታዩ በሥዕል የሚያደርገውን ነገር በአጭሩ የሚይዙልኝ እነርሱ ሆነው ስላገኘኋቸው ነው። በፖኬሞን ታሪክ ከልክ በላይ ገዝፎ የሚመጣ ፍጡር ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ «ትልቅ» ነው፤ ዕድሜ ያለው፣ ነገሩ በድንጋይ ላይ ወይም በሽማግሌ አፍ ሲጠበቅ የኖረ። ቁመቱ የሚለካው በሜትር ሳይሆን በዘመን ነው። በዐይን የማይታየው ጥንት ግዘፍ ነሥቶ ይመጣል።

ይህ የሆነው ደግሞ በመሰብሰብ ላይ በተመሠረተ ታሪክ ውስጥ ነው። አሥር ዓመት የሞላው ልጅ ከቤቱ ወጥቶ ፍጥረታትን በኳስ ይይዛል፤ የያዘው ይቆጠራል፤ የተቆጠረው ይመዘገባል። እንዲህ ባለ ዓለም ውስጥ ኳሱ የማይችለው፣ መዝገቡ የማይጨርሰው ነገር ሲመጣ ታሪኩ ምን ያደርጋል? ከዚህ በታች የማነሣቸው ትዕይንቶች ለዚህ ጥያቄ የተሰጡ የተለያዩ መልሶች ናቸው። ሁሉም እኩል የተሳኩ አይደሉም።

ከኪስ በፊት

ፖኬሞን የሚለው ስም «ፖኬት ሞንስተርስ» የሚለው ሲያጥር ነው፤ የኪስ ጭራቆች ማለት ነው። ጨዋታውን የጠነሰሰው ሳቶሺ ታጂሪ በ1965 የተወለደ ሲሆን፣ ያደገው በቶኪዮ ዳርቻ በምትገኘው ማቺዳ ነው። በልጅነቱ ነፍሳትን እየያዘ ይሰበስብ ነበር፤ ከተማው እየሰፋ ሜዳውንና ኩሬውን ሲውጠው ያ ደስታ ለኋለኞቹ ልጆች እንደማይደርሳቸው አሰበ። የካቲት 27 ቀን 1996 በጃፓን የወጡት የመጀመሪያዎቹ ጨዋታዎች፣ «ቀይ» እና «አረንጓዴ»፣ የዚህ ሐሳብ ፍሬ ናቸው። ስለ ፖኬሞን የሚጻፍ ጽሑፍ ሁሉ ይህን የነፍሳት ታሪክ ያነሣል፤ ማንሣቱም ትክክል ነው።

ግን ሌላም ዘር አለ፤ እሱ ብዙም አይወሳም። ሥራው ገና በእቅድ ሳለ ስሙ «ካፕሱል ሞንስተርስ» ነበር። ታጂሪ በልጅነቱ ከተመለከታቸውና በሥራው ላይ አሻራቸውን ከተዉት ነገሮች አንዱ በ1967 የጀመረው «አልትራ ሰቭን» የተባለው የቴሌቪዥን ድራማ ነው። የዚያ ድራማ ጀግና በትንንሽ ካፕሱሎች ውስጥ ጭራቆችን ይዞ ይዞራል፤ ሲጥላቸው እንደ ሕንፃ ቆመው ይዋጋሉ። እነዚያ ጭራቆች የካይጁ ወገን ናቸው፤ ጃፓናውያን ከ1954ቱ «ጎጂራ» ወዲህ በሲኒማ ያሳደጉት፣ ከተማ የሚረግጥ የግዙፍ ፍጡር ዘር። ስለዚህ የኳሷን የዘር ሐረግ ስንቆጥር ከነፍሳት መያዣ መረብ ብቻ አንደርስም፤ ካይጁ ተጨምቆ ከገባባት ካፕሱልም እንደርሳለን። ተከታታዩ አልፎ አልፎ አንዱን ፍጡር ከተራራ አስተካክሎ ሲያቆመው፣ ኪስ ውስጥ ከመግባቱ በፊት የነበረውን ቁመት እየመለሰለት ነው።

የ1954ቱን ፊልም እዚህ ላይ ማንሣት የግድ ነው። በኢሺሮ ሆንዳ ዳይሬክተርነት የተሠራው ያ ፊልም የወጣው፣ አሜሪካ በቢኪኒ ደሴቶች ላይ በዚያው ዓመት መጋቢት ወር ባካሄደችው የኃይድሮጂን ቦምብ ሙከራ አንድ የጃፓን ዓሣ አጥማጅ መርከብ ከነሠራተኞቹ በራዲዮአክቲቭ አመድ ከተመታ ከወራት በኋላ ነው። ጭራቁ የዘመናዊ ጦር መሣሪያ ጥፋት መልክ መሆኑ ብዙ የተባለለት ነው። እኔን የሚይዘኝ ግን ስሙን መጀመሪያ ማን እንደተናገረው ነው። ኦዶ በተባለች ደሴት የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ናቸው የሚናገሩት። ዓሣ የጠፋው ጎጂራ ስለመጣ ነው ይላሉ፤ ድሮ ልጃገረድ ይገበርለት እንደነበር ያስታውሳሉ፤ ወጣቶቹ ይሥቁባቸዋል። በመንደሩ የቀረው የድሮው ሥርዓት ጭፈራ ብቻ ነው። እንግዲህ ከመጀመሪያው ካይጁ ጀምሮ ግዙፍ ገላና የሽማግሌ ቃል አብረው ነው የመጡት። ሳይንቲስቱ አሻራውን ይለካል፤ ስሙን ግን የሚያውቁት ሽማግሌው ናቸው።

በመብራት ማማው ሥር

በ1997 የታየው 13ኛው ክፍል፣ ባለፉት ዐሥርት ዓመታት ከተሠሩት ከአንድ ሺህ በላይ ክፍሎች ሁሉ የላቀው ነው ብዬ ለመከራከር ዝግጁ ነኝ። የሚጀምረው በቁጥር ነው። የተከታታዩ ዋና ገጸ ባሕርይ አሽ (በጃፓንኛው ሳቶሺ) ክራቢ የተባለ ሸርጣን ይይዛል፤ ኳሱ ግን ከእጁ ይጠፋል። አንድ አሰልጣኝ ከስድስት በላይ ይዞ መዞር ስለማይፈቀድለት ትርፉ በራሱ ወደ ፕሮፌሰር ኦክ ቤተ ሙከራ ተልኳል። አሽ ስልክ ሲደውል ፕሮፌሰሩ ተፎካካሪው ጌሪ 45 መያዙን ይነግሩታል። ልጁ ያፍራል፤ ይቆጫል። ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ክፍሉ በምን መንፈስ እንደሚጀምር ለማሳየት ነው፤ ስንት ያዝህ፣ ስንት ቀረህ።

ከዚያ አሽና ጓደኞቹ ወደ ባሕር መብራት ማማው ይወጣሉ። የማማው ባለቤት ቢል የተባለ ተመራማሪ ነው፤ ልጆቹን የሚቀበላቸው ካቡቶ የተባለውን ከምድር የጠፋ ፍጡር መስሎ፣ ልብሱን ለብሶ ነው፤ ማውለቅ ተስኖታልም። ይህ ለልጆች ሣቅ የተጨመረ ይመስላል። ነገሩ ግን ከዚያ ያለፈ ነው። ቢል የጠፋውን ፍጡር የሚያጠናው እርሱን ሆኖ ለማየት በመሞከር ነው። አሽ ሊይዝ የሚፈልገውን ቢል ይለብሰዋል። በዚያች ሌሊት ቢል ከባሕር ሲመጣ የሰማውን አንድ ድምፅ ለልጆቹ ያሰማቸዋል። በዓለም ላይ መሰሉን እየፈለገ ብቻውን የሚዞር ፍጡር ድምፅ ነው ብሎ ያምናል፤ ድምፁንም ከማማው ወደ ባሕሩ መልሶ ይልከዋል። ጭጋጉ ውስጥ ጥላ ይታያል። ማማውን የሚያህል ገላ ቀስ እያለ፣ እየመለሰ፣ እየተጠራ ይቀርባል። ተመልካች በቅርጹ ድራጎናይት መሆኑን ይለያል፤ በመዝገቡ 2.2 ሜትር የሆነው ድራጎናይት።

በዚህ ቅጽበት ማንም ኳስ አያነሣም። ልጆቹም ቢልም ቆመው ያያሉ። ድምፅ ድምፅን አገኘ፤ ሌላ የሚፈለግ ነገር የለም። ያንን የሚያፈርሱት ፍጡሩን ለመያዝ የመጡት፣ የሮኬት ቡድን የሚባሉት ወንጀለኞች ናቸው። ከገደሉ ላይ ይተኩሱበታል፤ ይጎዳል፤ ይቆጣል፤ ማማውን ሰባብሮ ወደ ጭጋጉ ይመለሳል። ቢል አያዝንም፤ አንድ ቀን ይመለሳል ብሎ ይጠብቃል።

የዚህ ትዕይንት ቅርጽ ከዚህ ክፍል በፊትም የነበረ ነው። አሜሪካዊው ደራሲ ሬይ ብራድበሪ በ1951 ባሳተመው አጭር ልብ ወለድ ውስጥ፣ ከባሕር ጥልቀት የወጣ ጥንታዊ እንስሳ የመብራት ማማን የጭጋግ ጡሩምባ እንደ መሰሉ ጥሪ ሰምቶ ይመጣል፤ ጡሩምባው ሲጠፋበት ማማውን ያፈርሳል። ያ ታሪክ በ1953 ከወጣ አንድ የጭራቅ ፊልም ጋር ተያያዘ፤ የጃፓኑ «ጎጂራ» አዘጋጆችም ያን ፊልም ያውቁት ነበር። ስለዚህ 13ኛው ክፍል የተራመደበት መንገድ ወደ ካይጁ ሲኒማ ሥር የሚመልስ ነው። ሲመለስ ግን አንድ ነገር ለውጧል። የብራድበሪ ፍጡር የተከዳ ነው፤ መልስ የሰጠው ማሽን ነበርና። የቢል መልስ ግን እውነተኛ ነው፤ የፍጡሩ መጥፎ ዕድል ሊያናግሩት በሚፈልጉ ሰዎች አጠገብ ሊያስሩት የሚፈልጉ መኖራቸው ነው። ይህን ልዩነት ያልተገነዘበ ሐያሲ ክፍሉን የተዋሰ ነገር ብቻ አድርጎ ይቆጥረዋል።

ትውፊት የሌለው ግዝፈት ምን እንደሚመስልም ተከታታዩ ራሱ ብዙ ሳይቆይ አሳየ። በ17ኛው ክፍል ልጆቹ በአንዲት ደሴት ላይ ከሰማይ የሚደርሱ ፍጥረታት ይገጥሟቸዋል፤ መጨረሻ ላይ ማሽኖች መሆናቸው ይታወቃል፤ ደሴቷ የመዝናኛ ፓርክ ናት፤ ባለቤቱም የወንጀለኞቹ አለቃ ነው። ገላ አላቸው፤ ጥንት የላቸውም። በ19ኛው ክፍል ደግሞ አንዲት ባለሀብት በባሕር ላይ ሆቴል ስታሠራ ቴንታኩል የተባሉ የባሕር ፍጥረታት የኮራል መኖሪያ ይፈርሳል፤ ከእነርሱ አንዱ ወደ ግዙፍ ቴንታክሩል ተለውጦ የባሕር ዳርቻዋን ከተማ ያወድማል። ይህ የ«ጎጂራ» ዐይነት ካይጁ ነው፤ ቁጣው የተቆጠረ በደል አለው። በአሜሪካ ይህ ክፍል ከመስከረም 2001 በኋላ ሕንፃ የሚፈርስባቸው ትዕይንቶች ስላሉት ለጊዜው ከቴሌቪዥን ወርዶ ነበር። ጠንካራ ክፍል ነው፤ ግን ሁሉን ነገር ይናገራል። ቴንታክሩል በሌላ ፍጡር አፍ ቅሬታውን ቃል በቃል ያሰማል። የመብራት ማማው ክፍል ያልተናገረውን ያህል አልከበደኝም።

ድምፅ የሚያስተኛው

72ኛው ክፍል ከሁሉ ይልቅ ስለ ርእሳችን የተሠራ ይመስላል። ፖኬሞፖሊስ የተባለች የጥንት ከተማ ፍርስራሽ በቁፋሮ ይገኛል፤ ተመራማሪዋም የጽላቱን ጽሑፍ ታነባለች፤ ስለ ሁለት ታላላቅ አጥፊ ኃይሎች የሚያስጠነቅቅ ነው። ከጥንት ዕቃዎቹ ውስጥ መጀመሪያ ጌንጋር ይወጣል፤ ከዚያ አላካዛም። በመዝገቡ ሁለቱም 1.5 ሜትር ናቸው፤ ትልቅ ሰው የማይደርሱ። እዚህ ግን ተራራ ለተራራ ይጋጠማሉ። ገላቸው ላይ ጥንታዊ ጌጥ የመሰለ ንድፍ ታትሟል፤ ጽላቱ የጻፈውን ቆዳቸውም ይጽፈዋል። ጌንጋር የመንፈስ ወገን መሆኑን ሳስብ ቀደም ሲል ያነሣኋቸው ሁለት ቃላት ይመለሱብኛል፤ ከሁሉ ይልቅ ረቂቅ መሆን የነበረበት ነው ከሁሉ ይልቅ የገዘፈው።

እዚህ ላይ ከተማ የሚያድነው ኃይል አይደለም። የሚያድነው በመዝገቡ ግማሽ ሜትር የሆነው ጂግሊፓፍ ነው፤ እርሱም ገዝፎ ይመጣል፤ ይዘፍናል። የመጀመሪያው ትውልድ ተመልካቾች ጂግሊፓፍን የሚያውቁት ሁሉን በዘፈኑ እያስተኛ ሰሚ በማጣት በሚናደድ የአስቂኝ ትዕይንት ገጸ ባሕርይነቱ ነበር። በዚህ ክፍል ግን ያው መተኛት፣ ሰሚ ማጣቱ ሳይሆን ማስታረቂያው ይሆናል። ግዙፎቹ ይተኛሉ፤ ወደ መጡበት ይመለሳሉ። ማንም አልያዛቸውም፤ ማንም አልገደላቸውም።

ግዙፍን በዜማ ማብረድ የካይጁ ሲኒማ ሌላው ውርስ ነው። በ1961 በዚያው በሆንዳ እጅ የተሠራው «ሞስራ» ግዙፍ የእሳት እራት ነው፤ ከእርሱ ጋር የተሳሰሩት ሁለት ጥቃቅን ሴቶች ናቸው፤ በዜማ ይጠሩታል። አንድ የትርኢት ነጋዴ ሴቶቹን ሰርቆ በቲያትር ቤት ሲያሳያቸው ጭራቁ ሊመልሳቸው ይመጣል፤ ነገሩ የሚያበቃው ሴቶቹ ሲመለሱለት ነው። ነጋዴ፣ ሰብሳቢ፣ ዜማ፣ ደሴት፤ እነዚህ አራቱ ነገሮች ከ38 ዓመት በኋላ በሁለተኛው የፖኬሞን ሲኒማ እንደገና ተገናኙ።

ያ ፊልም በጃፓን የወጣው ሐምሌ 1999 ነው፤ ዳይሬክተሩ ኩኒሂኮ ዩያማ፣ ጸሐፊው ታኬሺ ሹዶ። ሹዶ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ተከታታይ በዋና ጸሐፊነት የመራ ሰው ነው፤ የፊልሙን ግዙፍ፣ ሉጊያን፣ የፈጠረውም እርሱ ነው፤ ፍጡሩ ወደ ጨዋታው የገባው በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ነው። ታሪኩ እንዲህ ነው። በሻሙቲ ደሴት አካባቢ የእሳት፣ የበረዶና የመብረቅ ወፎች በሦስት ደሴቶች ላይ ይኖራሉ። በሚበር መርከብ የሚዞር አንድ ሰብሳቢ አንዱን ሲይዝ ሚዛኑ ይዛባል፤ የሁለቱ ወፎች ጠብ የዓለምን አየር ያናጋል። የደሴቲቱ ትውፊት ይህ እንደሚሆን አስቀድሞ ያውቃል፤ ባሕሩ ጠባቂ እንዳለው፣ ብቻውን ግን እንደማይችል ይናገራል።

በዚህ ፊልም ደጋግሜ የምመለስበት ትዕይንት ጦርነቱ አይደለም። የደሴቲቱ ሰዎች በዓላቸውን የሚያከብሩበት ነው። ልብሱ አለ፤ ዋሽንቱ አለ፤ የእንግዳ አቀባበሉ አለ። ዜማውን የምትጫወተው ልጅ ግን ነገሩን ያረጀ ወግ አድርጋ ነው የምታየው፤ ለእንግዳ የሚታይ ትርኢት ሆኗል። አሽም «የተመረጠ» የሚባለው አሰልጣኝ ስለሆነ ብቻ ነው፤ ሥርዓቱ ቀልድ መሰል ነገር ሆኖ ይጀምራል። ከዚያ ሰማዩ ይዛባል፤ ልብስ የነበረው ቃል እውነት ሆኖ ይመጣባቸዋል። የኦዶ ሽማግሌ የተሣቀባቸው ልክ እንዲህ ነበር። ሹዶ ከሆንዳ የሚለየው መጨረሻ ላይ ነው፤ «ጎጂራ»ን የሚገድለው አዲስ ጦር መሣሪያ ነው፤ ወፎቹን የሚያበርደው ግን የሦስቱ ደሴቶች ሉሎች በቦታቸው ሲመለሱና ልጅቷ ያንኑ ያረጀ ዜማ ስትነፋ ነው። ትውፊቱ ጥቅም ላይ የዋለው አንድ ሰው ስላወቀው አይደለም። አንድ ሰው ስለ ፈጸመው ነው።

ስለ ትርጉም አንድ ነገር ልጨምር። በእንግሊዝኛው ቅጂ የትውፊቱ ጽሑፍ መጨረሻ «አመድ» የሚለውን ቃል ይዟል፤ ይህም በእንግሊዝኛ ከልጁ ስም ጋር አንድ ድምፅ ነው፤ ገጸ ባሕርያቱም ስሙ የተጻፈለት አድርገው ይወስዱታል። በጃፓንኛው ልጁ ሳቶሺ ስለሆነ ይህ የለም፤ ጽሑፉ የሚናገረው ስለ አንድ የተካነ የፍጥረታት ገሪ ነው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። የጃፓኑ ጽሑፍ ሥራ ይሰይማል፤ የእንግሊዝኛው ሰው ይሰይማል። አንደኛው ማንም ሊሞላው የሚችል ቦታ ያዘጋጃል፤ ሁለተኛው ዕጣ ፈንታ ያደርገዋል። ለእኔ የመጀመሪያው የሚበልጥ ነው፤ ትውፊት ለሠሪው እንጂ ለስም ባለቤት የሚጠበቅ ነገር አይደለምና።

የሰብሳቢው ነገር ደግሞ ያሳስበኛል። ይህ ሰው ስብስቡን የጀመረው በአንዲት ያረጀች፣ ሚው የተባለ ፍጡር በተሣለባት ካርድ መሆኑን ይናገራል፤ መርከቡ ከወደቀ በኋላ ፍርስራሹ መካከል የሚያገኘው ያችኑ ካርድ ነው። ፊልሙ በ2000 በአሜሪካ ሲታይ ሲኒማ ቤት ለገቡት ልጆች የታደለችው ይህችው ካርድ ናት። ፊልሙ ሰብሳቢነትን ይከስሳል፤ ለልጁ ግን በር ላይ የመጀመሪያዋን ካርድ ይሰጠዋል። ይህን ማጭበርበር ብዬ አልጠራውም። የሥራው ጸሐፊና የሥራው ገበያ በአንድ ፊልም ውስጥ ሁለት የተለያየ ነገር እየፈለጉ ነበር፤ የጸሐፊው ፍላጎት በጥበቡ ይበልጣል፤ የገበያው ፍላጎት በዕድሜ በልጧል።

ገመድና ድንጋይ

ወደ ሬጂጊጋስ ልመለስ። አህጉራትን በገመድ መጎተት ከባዶ የመጣ ሐሳብ አይደለም። በ733 የተጠናቀቀው የኢዙሞ ግዛት መዘክር «አገር መጎተት» የተባለ ታሪክ ይተርካል። ያትሱካሚዙ ኦሚትሱኖ የተባለ አምላክ ግዛቱ ጠባብ ሆኖ አግኝቶት ከባሕር ማዶ፣ ከኮሪያዋ ሲላ ጭምር፣ ትርፍ መሬት ቆርጦ በገመድ ጎትቶ ይገጥመዋል። ገመዱ ረጅም የባሕር ዳርቻ ሆኖ ቀረ፤ ገመዱ የታሰረባቸው ካስማዎች ተራራ ሆኑ። የዚህ ትረካ ውበት ከመልክዓ ምድሩ አለመነጠሉ ነው፤ የኢዙሞ ሰው ቀና ብሎ ካስማውን ያያል። የጨዋታው መዝገብ ይህንን ሲወስድ የቦታውን ስም ተወ፤ የአምላኩን ስም ተወ፤ ገመዱን ብቻ ያዘ። በ2008 የወጣው 11ኛው ሲኒማ ግን ለሬጂጊጋስ አንድ ነገር መለሰለት። ሊያጠፋ የሚመጣ የበረዶ ግግር አለ፤ ሬጂጊጋስ ማሞስዋይን ከተባሉ ፍጥረታት ጋር ሆኖ በደረቱ ይገፋዋል። ስለ መሬት መጎተት ማንም አያወራም፤ ግን ገላው አሁንም የድሮ ሥራውን እየሠራ ነው። በዚያች ትዕይንት 3.7 ሜትር የሚለውን ቁጥር የሚያስታውስ ተመልካች ያለ አይመስለኝም።

ከ2019 ወዲህ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። በጋላር ምድር በሚካሄደው ታሪክ ዳይናማክስ የሚባል ግዝፈት አለ፤ አሰልጣኙ በእጁ ላይ ባሰረው መሣሪያ ፍጡሩን ያገዝፈዋል፤ በጨዋታው ይህ የሚቆየው ለሦስት ተራ ብቻ ነው፤ የሚካሄደውም በስታዲየም፣ በተመልካች ጩኸት መካከል ነው። መዝገቡም ተለወጠ፤ የገዘፈው ፒካቹ ቁመት «21.0» ተብሎ ተጽፎ ጎኑ ላይ የመደመር ምልክት ተደርጎበታል። መዝገቡ መጨረሻውን እንደማያውቅ በምልክት አመነ ማለት ነው፤ ይህ የሚደነቅ ነው። ግዝፈቱ ራሱ ግን ከስሷል። እንደ ፈለጉ የሚመጣና እንደ ፈለጉ የሚሄድ ገላ ዕድሜ የለውም። ጋላር ጥንቱን የሚያኖረው በሌላ ቦታ ነው። በጨዋታው ውስጥ ከሦስት ሺህ ዓመት በፊት የሆነ የጨለማ ቀን ይወሳል፤ ሕዝቡ በአንድ ጀግና ሐውልት ያስበዋል፤ ኋላ በስቶው ኦን ሳይድ ከተማ አንድ የግድግዳ ሥዕል ሲፈርስ ከጀርባው የተሸሸገ ሐውልት ይወጣል፤ ጀግኖቹ ሁለት እንደነበሩ፣ ሁለት ፍጥረታትም አብረዋቸው እንደነበሩ ያሳያል። የተነገረው ታሪክ ስሕተት ነበር፤ ማረሚያው ከግድግዳው ጀርባ ሲጠብቅ ኖሯል። ይህ ስለ ትውፊት የተሠራ እጅግ ብስል ሐሳብ ነው። የሚያሳዝነው ከግዙፎቹ ተነጥሎ መቆሙ ነው፤ አንደኛው በቤተ መዘክር፣ አንደኛው በስታዲየም።

ስለ አንድ ሌላ ገላ ሳልናገር ማቆም አልፈልግም። የጃፓን ሰዎች ከምድር በታች ግዙፍ አምባዛ ይኖራል ይሉ ነበር፤ ናማዙ ይባላል፤ ሲንቀሳቀስ ምድር ትናወጣለች። የካሺማ አምላክ ራሱን በድንጋይ ተጭኖ ያረጋጋዋል፤ ድንጋዩ ዛሬም በካሺማ መቅደስ ቅጥር ውስጥ አናቱ ብቻ ከምድር ወጥቶ ይታያል። በ1855 ኤዶ፣ የዛሬዋ ቶኪዮ፣ በምድር መንቀጥቀጥ ስትመታ ከተማዋ በአምባዛ ሥዕሎች ተጥለቀለቀች። ጊዜው በቀን መቁጠሪያቸው ዐሥረኛው ወር ነበር፤ አማልክት ሁሉ ወደዚያችው ኢዙሞ ለስብሰባ የሚሄዱበት ወር፤ ስለዚህ ጠባቂው በቦታው አልነበረም ተባለ። በ2002 የወጡት «ሩቢ» እና «ሳፋየር» ዊስካሽ የተባለውን ፍጡር ሲያስተዋውቁ አምባዛ አደረጉት፤ መዝገቡም ምድርን እንደሚያናውጥ፣ የምድር መንቀጥቀጥንም አስቀድሞ እንደሚያውቅ ጻፈ። ቁመቱ 0.9 ሜትር።

በሆኤን ምድር ጉዞ ከታዩት ክፍሎች በአንዱ አሽ አንድ ዓሣ አጥማጅ ይገናኛል። ሰውየው ኔሮ የሚል ስም የወጣለትን ግዙፍ ዊስካሽ ለብዙ ዓመታት ሲያሳድድ የኖረ ነው። ክፍሉ ጽላት የለውም፤ ትንቢት የለውም፤ ስለ ካሺማ አንድ ቃል አይናገርም። አምባዛው ውኃ ውስጥ ነው፤ ሰውየው ዳር ላይ ነው። መጨረሻ ላይ ሰውየው ማስተር ቦል ያወጣል። በጨዋታው ሕግ ይህች ኳስ ከቶ አትስትም፤ የማትይዘው ፍጡር የለም። ይወረውራታል። አምባዛው ከውኃው ወጥቶ አፉን ይከፍታል፤ ኳሷን ይውጣታል፤ ተመልሶ ይጠልቃል። ውኃው ትንሽ ይናወጣል።